ልጅ ይዞ ከወደብ ሮም መሮጥ ይቅርብን

ሰሞኑን በአንድ የዳያስፖራ አማርኛ ሬዲዮ ላይ አንድ የጉዞ ወኪል ስለ ሜዲትራንያን ክሩዝ፣ በትልቅ መርከብ ከወደብ ወደብ ስለሚደረገው ሽርሽር፣ ሲያወሩ ሰማሁ። “ልጆቹን ይዞ ጣሊያን ደርሶ ወደቡ አካባቢ የሚቀር ቤተሰብ ገንዘቡን ባሕር ውስጥ ጣለው ማለት ነው” አሉ። ልጆች ሮምን ማየት አለባቸው፣ ፍሎረንስንም ማየት አለባቸው፣ ከተሞቹ በመርከብ ላይ በራቸውን እየዘጉ ስለሆነ ዘንድሮውኑ ፍጠኑ፣ ነው ምክራቸው። ጋዜጠኛው “ልክ ነው” ብሎ አለፈ። እኔ ማለፍ አልቻልኩም። ስንት ወላጅ ይህን ሰምቶ ለሰመር ዕቅድ እንደሚያወጣ ሳስበው ተናደድኩ።

በሩ እየጠበበ መሆኑ እውነት ነው። ባርሴሎና እ.ኤ.አ. በ2025 የክሩዝ ተርሚናሎቿን ከ7 ወደ 5 ለመቀነስ ተስማምታለች። ቬኒስ ግዙፎቹን መርከቦች ከመሀል ከተማዋ ካስወጣች ከ2021 ጀምሮ ዓመታት አልፈዋል። ግን እነዚህ ከተሞች ያሉት እኮ ግልጽ ነው፦ በአንድ ጠዋት ከመርከብ ወርዶ ሁሉን ላዳርስ የሚለው ሕዝብ በዛብን ነው። ከዚህ ተነስቶ “እንግዲያው ልጆቻችሁን አንጠልጥላችሁ ቶሎ ሩጡ” ማለት ምን የሚሉት ምክር ነው?

እስቲ ሰዓቱን እንቁጠረው። ብሮሹሩ ላይ “ሮም” ተብሎ የተጻፈው ወደብ ቺቪታቬክያ ነው። ከሮም 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። መርከቡ ጠዋት 1 ሰዓት ደርሶ ምሽት 1 ሰዓት ይነሳል እንበል። ወኪሉ “12 ሰዓት ሙሉ አላችሁ” ይሏችኋል። የላችሁም! ልጆች ቀስቅሳችሁ፣ ቁርስ አብልታችሁ፣ የፀሐይ ክሬም ቀብታችሁ፣ የጠፋውን አንድ እግር ጫማ ፈልጋችሁ፣ ከመርከብ ለመውረድ ተሰልፋችሁ 3 ሰዓት ይሆናል። ከዚያ ከወደቡ ግቢ የሚያወጣው አውቶቡስ አለ። ከዚያ ባቡር ጣቢያ። ከዚያ አንድ ሰዓት የሚፈጅ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ የሚወስድ ባቡር። ሮም ስትገቡ 5 ሰዓት ነው። መርከቡ ደግሞ ተሳፋሪው ከመነሻው ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ቀድሞ እንዲገባ ይፈልጋል፣ ባቡር ሊዘገይ ይችላል፣ ስለዚህ አስተዋይ ወላጅ ከሮም 9 ሰዓት ላይ መነሳት አለበት። ስንት ቀረ? አራት ሰዓት። ያውም ከ5 እስከ 9፣ በሐምሌ ፀሐይ፣ አናት በሚበሳበት ሰዓት።

በዚህ አራት ሰዓት ውስጥ ምሳ አለ። ሽንት ቤት አለ፣ ከአንድ ጊዜ በላይ። ኮሎሲየም የሚገባው የሰዓት ቀጠሮ ባለው ቲኬት ነው። ልጆች በነፃ ቢገቡም ቀጠሮውም የፍተሻው ሰልፍም ለእነሱ አይቀርም። የሮም መሀል መንገዶች ደግሞ ሳምፒየትሪኒ በሚባለው ጥቁር ድንጋይ የተነጠፉ ናቸው። የስትሮለር ትንንሽ ጎማ በድንጋዮቹ መሀል ይሰነቀራል፣ ታነሱታላችሁ፣ ሁለት ሜትር ሳይሄድ እንደገና ይሰነቀራል፣ ውስጥ የተኛው ሕፃን ይነቃል፣ ትልቁ ልጅ ውኃ ይላል፣ አባት ሰዓቱን ያያል፣ እናት አባትን ታያለች። ያ ቤተሰብ ሮምን አየ ይባላል? ያየው የእጁን ሰዓት ነው።

“የመርከቡን ቱር ግዙና ሂዱ፣ መርከቡ ይጠብቃችኋል” የሚል መልስ እንዳለ አውቃለሁ። እሺ፣ ይህቺን እቀበላለሁ፤ በራሱ የሄደን ሰው መርከብ ትቶት ይሄዳል፣ በመርከቡ ቱር የሄደውን ግን ይጠብቃል። ግን መንገዱ አላጠረም፣ ፀሐዩም አልቀዘቀዘም። አሁን ደግሞ አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው አብሯችሁ አለ፣ አስጎብኚዋ ዱላዋን ከፍ አድርጋ ትከንፋለች፣ የአራት ዓመት ልጃችሁ “ሽንቴ መጣ” ሲል ደግሞ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ዞሮ ያያችኋል።

ከሁሉም ያበገነኝ ግን የአክሱም ሐውልቱ ነገር ነው። ወኪሉ “የአክሱም ሐውልት የቆመበትን አደባባይ ለልጆቻችሁ ማሳየት የታሪክ ግዴታችሁ ነው” አሉ። ጌታዬ፣ ሐውልቱ እዚያ የለም! ፋሺስቶች እ.ኤ.አ. በ1937 ወሰዱት፣ ስንት ዓመት ተለምኖ፣ ስንት ክርክር ተደርጎ በ2005 ተመለሰ፣ በ2008 አክሱም ላይ ቆመ። ልጁን ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ መኪና በሚጋፋበት አደባባይ አቁማችሁ “እዚህ ጋ ነበር” ልትሉት ነው? የልጆቻችን ታሪክ የሚያሳስበን ከሆነ ሐውልቱ ያለው አገር ቤት ነው። የክሩዝ ቲኬት ለመሸጥ ያን የመሰለ ቁስል መጠቀም ነውር ነው፣ ሌላ ቃል የለኝም።

“ዕድሜ ልክ አንዴ ነው፣ ያን ያህል ብር ከፍለን እንዴት ሮምን ሳናይ እንመለስ?” የሚል ወላጅ ይኖራል። ይገባኛል፣ ዓመት ሙሉ ኦቨርታይም ሠርቶ ያጠራቀመ ሰው ነው። ሮም ካማረችው ሮም ይሂድ! ከአዲስ አበባ እንኳ ቀጥታ በረራ አለ። ሦስት ሌሊት ይደር፣ ጠዋት በብርዱ ይውጣ፣ ቀትር ላይ ልጆቹን ያስተኛ፣ ማታ ደግሞ ፏፏቴዎቹ ዳር ይቀመጥ። ክሩዝ የባሕር ጉዞ ነው። ልጅ ይዞ በክሩዝ የሚሄድ ሰው የወደብ ከተሞችን ይይ። እነሱ ደግሞ ከሮም ቀጥሎ የሚመጡ መናኛ ቦታዎች አይደሉም፣ ለልጅ ከሮም ይሻላሉ።

ጄኖቫን ተመልከቱ። ከመርከብ ወርዳችሁ በእግር ትሄዳላችሁ፣ አሮጌው ወደብ ላይ በ1992 የተከፈተው ትልቁ አኳሪየም አለ፣ ሻርክና ፔንጉን እያዩ ግማሽ ቀን ያልፋል። ሊቮርኖን ብሮሹሩ “ፍሎረንስና ፒሳ” ይለዋል፣ ፍሎረንስ ከዚያ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሊቮርኖ ራሷ ግን ተራሳ ማስካኚ የሚባል የባሕር ዳር አደባባይ አላት፣ ወለሉ እንደ ዳማ ገበታ ጥቁርና ነጭ ነው። ልጅ እዚያ ላይ ልቀቁት። ጥቁሩን ብቻ እየረገጠ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሮጣል፣ ባሕሩ ከጎኑ ነው፣ እናንተም ተቀምጣችሁ ቡናችሁን ትጠጣላችሁ። ኔፕልስ ግዙፉ ቤተ መንግሥት ካስቴል ኑኦቮ ወደቡ ፊት ለፊት ነው፣ ፒዛውም ቅርብ ነው። ማልታ፣ ቫሌታ ላይ ከወደቡ ዳር ባራካ የሚባለው ሊፍት ወደ አትክልት ቦታው ያወጣችኋል፣ ስትሮለሩን ሳትሸከሙ። ቀን 6 ሰዓት ላይ ከሥሩ መድፍ ይተኮሳል። የስድስት ዓመት ልጅ የሚያወራው ስለዚያ መድፍ ነው፤ ኮሎሲየምን ስላስጀመረው ንጉሠ ነገሥት ቬስፓሲያን አይደለም።

ሳንቶሪኒ ደግሞ፣ ትንንሽ ልጅ ካላችሁ፣ እኔን ብትጠይቁኝ መርከቡ ላይ ቅሩ። መርከቡ ባሕር ላይ ይቆማል፣ በጀልባ ገደሉ ሥር ያወርዷችኋል፣ ከዚያ ከላይ ወዳለው ከተማ ለመድረስ ወይ ኬብል ካር፣ ወይ 588 ደረጃ፣ ወይ አህያ ነው። የኬብል ካሩ ሰልፍ መርከቦች ሲደራረቡ ያስለቅሳል። ግሪክ ከ2025 ጀምሮ እዚያ ለሚወርድ የክሩዝ ተሳፋሪ በሰመር 20 ዩሮ ታስከፍላለች። ለዚያ ሰልፍ! ሁሉም ሰው ደሴቱ ላይ ሲሆን የመርከቡ መዋኛ ባዶ ነው፣ ልጆቹ ብቻቸውን ይንቦጫረቁበታል።

ልጆቻቸው 12 እና 13 ዓመት የሆኑ፣ መራመድ የሚወዱ፣ ታሪክ ራሳቸው የጠየቁ ወላጆች የሮሙን ጉዞ ይሞክሩት። ወኪሉ ግን ስለ እነሱ አላወሩም፣ “ቤተሰብ በሙሉ” ነው ያሉት፣ ዳይፐር ያለውንም ጨምረው። በየወረቀቱ ላይ የወደቡን እውነተኛ ስም፣ ርቀቱን በኪሎ ሜትር፣ ከተማው ውስጥ የሚቀረውን ሰዓት ይጻፉልን። እናንተም ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን ሦስቱን ጠይቁ፤ “አይዟችሁ፣ ትደርሳላችሁ” ብሎ የሚመልስላችሁን ወኪል ትታችሁ ሌላ ፈልጉ።