ዕድሜ ለአባዊው ሥርዓት

ጅማ ላይ ሥነ ጽሑፍ የሚማር ሰው የታደለ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መምህሩ ያሉት አይሰማም። ባይሰማም ግድ የለም፤ መልሱ ሁሌም አንድ ነው፦ «ደራሲው በአባዊ ሥርዓት ተጽዕኖ ሥር ወድቋል።» አባዊ ማለት ወንድ የበላይ የሆነበት መሆኑን እንኳ ባያውቅ፣ ይህቺን ዓረፍተ ነገር የያዘ ተማሪ ፈተና አይጥለውም። ልቦለዱን መክፈትም አይጠበቅበትም።

ድሮ ሰው ምን ያህል ደክሟል! ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያሳትሙ ለተማሪ ቅንጣት አላዘኑም፤ ከ500 ገጽ በላይ ነው። አሁን ተመስገን፣ የሥርዓተ ጾታ ሂስ መጣልን። ሁለት ገጽ ማጠቃለያ ከቴሌግራም ይወርዳል። ትጉህ የሚባለው ደግሞ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ይተኛል። ከዚያ ቡና ያፈላች ሴት ትፈለጋለች። ካፈላች ተጨቁናለች። ካላፈላች ድምጿ ታፍኗል። የቡና አገር ልጆች ሆነን ማስረጃ እንዴት ይጥፋን?

ለንድፈ ሐሳቡም አንታማም። ሲሞን ደ ቦቯር ሴትነት ኅብረተሰቡ የሚሠራው ነገር መሆኑን በ1949 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፏ ጽፋለች። የኛዎቹ ልጆች ይህን አልዘለሉም። «ሲሞን የተባለው ፈረንሳዊ ፈላስፋ ለሴቶች በመቆርቆሩ ሊመሰገን ይገባዋል» ብለው አስገቡ። እኔም አመሰግነዋለሁ።

የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለውለታነት ግን ለብቻው ይነገር። ከግቢው በር ፊት ለፊት፣ ሦስት እግር በርጩማ ላይ ቁጭ ብለህ ፍላሽህን ትሰጣለህ፤ የካቻምና ጥራዝ ተጭኖልህ ትወጣለህ። ዘንድሮ የተመረጠው ጥራዝ ስለ ሌላ ልቦለድ የተጻፈ ነበር፤ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ሕይወት ትባላለች። የልጆቹ መጽሐፍ ግን «ፍቅር እስከ መቃብር»፣ ዋናዋ ሴትም ሰብለ ወንጌል ስለሆነች፣ ኮምፒውተሩን «ሕይወት» ያለበትን ሁሉ «ሰብለ ወንጌል» አድርግ አሉት። ታዛዥ ነው፣ አደረገ። እናም መምህሩ ጠረጴዛ ላይ እንዲህ የሚል ጥናት ደረሰ፦ «የገጠር ሴቶች ሰብለ ወንጌል እጅግ አስቸጋሪ ነው። ደራሲው ጎጃም ውስጥ ያለውን ሰብለ ወንጌል ጠንቅቀው ያውቃሉ። የደራሲውን የሰብለ ወንጌል ታሪክ በአባሪ ይመልከቱ።» ሴትን ከዚህ በላይ የመጽሐፉ ማዕከል ያደረገ ሂስ ካለ አሳዩኝ።

የቡድን ሥራም ስለሆነ የሥራ ክፍፍሉ ፍትሐዊ ነው። አራቱ ወንዶች ሐሳብ ያፈልቃሉ፤ አንዷ ልጅ ትተይባለች፣ ታስጠርዛለች፣ ለሻይ ታዋጣለች። የማቅረቡ ነገር ሲመጣ «አንቺ ታፍሪያለሽ» ተብላ ተቀመጠች። ስለሚታፈነው የሴት ድምፅ አንዱ ጎረምሳ ለሃያ ደቂቃ አስተማረን። አንድ ጊዜ ልታርመው ብትሞክር «ቆይ፣ ልጨርስ» አላት። አጨብጭበንለታል።

ታዲያ ምን ያደርጋል፣ በየክፍሉ አንድ ረባሽ አይጠፋም። ኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ የበዛብህ እናት ውድነሽ በጣሙስ? ባሎቿ እየሞቱ ሰው የፈራት እሷን ነው። ባል ሲሞት ጥፋቱ ለምን የሚስት ይሆናል?» አለች። በዚህ አላበቃችም። ፊታውራሪ መሸሻ ለዘራቸው የሚመጥን ጠፋ እያሉ ጠያቂ ሲመልሱ ልጃቸው ሰብለ መች ተጠየቀች አለች። የሰብለ ፍቅረኛ በዛብህም ወንድ ሆኖ ሳለ ገና በልጅነቱ ስለት ተደርጎ ተሰጥቷል፤ የእሱንስ ፈቃድ ማን ጠየቀ አለች። ይሄ ሁሉ እንግዲህ ማጠቃለያው ላይ የለም!

መምህሩ ሰዓታቸውን አዩ። «ጥሩ አስተያየት ነው፤ ግን ከሥርዓተ ጾታ ወጣ ያለ ነው» አሏት በትሕትና። ጎረምሳው ኤ አገኘ።

ከጎኗ የተቀመጠው ልጅ ብቻ ከልቡ አዘነላት። ዘንበል ብሎ «አንቺ ደግሞ፣ ሙሉውን አንብበሽው ነው እንዴ የመጣሽው?» አላት።