ስልኩ ዝም እንዲል ብሎ መደራደር ያዋጣል?

ብድር ሲዘገይ ስልክ ይጀምራል። መጀመሪያ ለተበዳሪው፣ ቀጥሎ ለዋሱ፣ አንዳንዴም ለመሥሪያ ቤት አለቃ። ከአበዳሪው ጋር ቁጭ ብሎ ተደራድሮ ዕዳውን መዝጋት ይህን ውትወታ ያስቆማል? ወይስ ያባብሰዋል? ሁለት የባሕር ዳር ሰዎች በዚህ ላይ አይስማሙም። አንዱ ከጣና ዳር ወደ ዘጌ እንግዳ የሚያመላልስ የጀልባ ባለቤት ነው። ሌላዋ በአንድ አበዳሪ ተቋም ብድር ሰብሳቢ ነበረች፤ አሁን ሽምብጥ ውስጥ ሱቅ ከፍታለች።

የጀልባ ባለቤቱ፦ እኔ ተደራድሬ አርፌያለሁ።

በ2015 መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት በስምምነት ሲቆም «በቃ፣ ፈረንጅ ሊመለስ ነው» ብዬ ሞተር ለመቀየር 150,000 ብር ተበደርኩ። ዋሴ የሚስቴ ወንድም ነው፤ መምህር ነው። ጥቂት ወራት በደንብ ከፈልኩ። በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መጣ። ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ሊሳለም የሚሻገር እንግዳ ጠፋ። ጀልባዋ እንደታሰረች ዝናብ ይሞላባት ጀመር። ጠዋት ጠዋት በጆግ እየቀዳሁ አፈስላት ነበር።

ከዚያ ስልኩ መጣ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ይጀምራል። አንድ ቀን ሳንቃው ላይ ባስቀምጠው እየተንቀጠቀጠ ተንሸራቶ ጫፍ ደረሰ። «ግባልኝ፣ ልገላገል» ብያለሁ፤ አልገባም። ለእኔ ቢደወል ግድ የለኝም። ለአማቼ ትምህርት ቤት ደወሉ። ያነሳው ርዕሰ መምህሩ ነበር። አማቼ ሁለት ወር ሙሉ ቤቴን አልረገጠም። ምን ይበል? ለእሱ እኮ ዕዳ ከሜዳ ነው።

ስለዚህ ሄጄ ተቀመጥኩ። ከዋናው ብድር የቀረው 96,000፣ ወለድና ቅጣቱ 31,000፣ በድምሩ 127,000 ብር ነበር። በ100,000 ተስማማን። 40,000 በዕለቱ፣ ቀሪው በወር 10,000 ለስድስት ወር። አርባው የሚስቴ ወርቅ ነው። በሦስተኛው ቀን ስልኩ ቆመ።

የቀድሞዋ ሰብሳቢ፦ ጋሼ፣ እንደዚያ ስደውል የነበርኩት እኔ ነኝና መጀመሪያ ይቅርታ ልበል።

ሰኞ ሰኞ የስም ዝርዝር ይሰጠን ነበር። ስልክ የማያነሳውን ቶሎ እናልፈዋለን። አንስቶ «ትንሽ ታገሱኝ፣ አስር ሺህ ልፈልግ» የሚለው ላይ ግን ምልክት እናደርጋለን። ይሄ ይከፍላል ማለት ነው። በማግስቱ ሁለት ጊዜ ይደወልለታል። በስልክ የሚደራደር ሰው ስልኩን ያበዛል እንጂ አይቀንስም።

ደግሞ ደዋዩ አንድ ብር የመቀነስ ሥልጣን የለውም። «ቅጣቱን እናነሳልዎታለን» ብዬ አውቃለሁ። የሚያነሳው ግን እኔ አልነበርኩም፣ ኮሚቴው ነው። ሰዎች ቃሌን አምነው ከፈሉ፤ ቅጣቱ እዚያው ቆየ። አሁንም ሳስበው ይከነክነኛል። ሕጉም ለእንዲህ ያለ ቃል አይራራም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በሰው ምስክር አይረጋገጥም፣ ጽሑፍ ይፈልጋል። መክፈልዎም እንደዚያው ነው። የሚከፍሉት ገንዘብ ደግሞ መጀመሪያ ለወጪ፣ ቀጥሎ ለወለድ፣ መጨረሻ ለዋናው ብድር ይታሰባል። ተጨንቆ በየሳምንቱ ሁለት ሺህ ሦስት ሺህ የሚጥል ሰው ዋናውን ሳይነካው ዓመት ይሞላዋል።

የእኔ ሐሳብ ሌላ ነው። ዕዳው ሌላ፣ ማስፈራራቱ ሌላ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጁ፣ ቁጥር 958/2008፣ በተደጋጋሚ መልእክት ሰውን ማስጨነቅና ማስፈራራት ወንጀል ነው ይላል። ዕዳ ያለበት ሰው ከዚህ ሕግ ውጪ አይደለም። የተላከውን አይሰርዙ። የተደወለበትን ሰዓት ይጻፉ። ለተቋሙ ኃላፊ በጽሑፍ አቤት ይበሉ፣ ግልባጩ ላይ ማህተም ያስመቱ። እንቢ ካሉ ፖሊስ አለ። ድርድሩ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ፈርቶ የሚደራደር ሰው ወርቅ ይሸጣል።

የጀልባ ባለቤቱ፦ ወርቁን አታንሺብኝ፣ እህት ዓለም።

አቤቱታውን ጻፍኩ እንበል። ተቋሙም አኩርፎ ፍርድ ቤት ሄደ። አማቼ የፈረመው «የአንድነትና የነጠላ ዋስ» ሆኖ ነው። እኔን ሳይጠይቁ በቀጥታ እሱን መክሰስ ይችላሉ። አድራሻው የታወቀ፣ ደመወዙም የታወቀ ነው። እኔ መብቴን አስከብሬ ስመለስ መጥሪያው የሚደርሰው ለእሱ ነው። አንቺ የምትዪው ዋስ ለሌለው ሰው ጥሩ ምክር ነው።

የቀድሞዋ ሰብሳቢ፦ ዋሱ ላይ ልክ ነዎት። ያንን አቅልዬዋለሁ።

ግን ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። እንዲህ ያለ ዕዳ በ10 ዓመት ይርጋ ይታገዳል፤ አበዳሪው እስከዚያ ካልከሰሰ ጊዜው አልፎበታል ማለት ነው። ስምምነት ሲፈርሙ፣ ወይም ከፊሉን ሲከፍሉ፣ ዕዳውን አምነዋልና ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል። የቆየ ዕዳ ያለበት ሰው እስክሪብቶ ከማንሳቱ በፊት ቀኑን ይቁጠር።

የጀልባ ባለቤቱ፦ አስር ዓመት የት ልደበቅ? ባሕር ዳር ውስጥ? ጊዮርጊስ ጋ ያላየሽ ሰው ፋሲሎ ላይ ያገኝሻል! ደግሞስ ገንዘቡን በልቻለሁ። ሞተሩ አሁንም ጀልባዬ ላይ ነው።

የቀድሞዋ ሰብሳቢ፦ እሺ። ታዲያ በእጅዎ ያለው ወረቀት ምን ይላል? ማን ፈረመው?

የጀልባ ባለቤቱ፦ ማኔጀሩ ነው የፈረመው፣ ማህተም አለው። አንደኛው መስመር ጠቅላላው 100,000 ነው ይላል። ሁለተኛው የቀረው ቅጣትና ወለድ ተነስቷል ይላል። ሦስተኛው የመጨረሻው ክፍያ ሲገባ ዋሱ ነፃ ነው ይላል። ሦስተኛውን ያስጨመርኩት እኔ ነኝ። ማኔጀሩ «ይሄ እኮ የታወቀ ነው» አለኝ። የታወቀ ከሆነ ይጻፋ አልኩት።

የቀድሞዋ ሰብሳቢ፦ ይሄንን ከመጀመሪያው ቢነግሩኝ ግማሹን ክርክር እተወው ነበር። እኛ ጋ ከመጡት አብዛኞቹ በባዶ እጅ ነው የሚወጡት። አንድ ወር ቢያሳልፉስ? የተነሳው ቅጣት ይመለሳል የሚል የለም?

የጀልባ ባለቤቱ፦ አለ። አራተኛው መስመር ነው።

የቀድሞዋ ሰብሳቢ፦ ስንት ወር ቀረዎት?

የጀልባ ባለቤቱ፦ ሁለት። የዚህኛው ገና አልሞላም። ቅዳሜ ከዘጌ ቡና የሚያመጡ ነጋዴዎች ጀልባዋን ተከራይተዋል።