ውዴ፣ ልጁ መንገድ ላይ ነው

የቴሌግራም ነጋዴዎቻችን፣ ክፉ አይንካችሁ። ገዳም ሳንገባ ትዕግሥትን ያስተማራችሁን እናንተ ናችሁ። ለፋሲካ የታዘዘ ጫማ ለዳግማ ትንሣኤም ባይደርስ ምን አለበት? ከርሞም ፋሲካ አለ።

ጥበባችሁ ደግሞ ለጉድ ነው። ሰኞ «ውዴ፣ ነገ ጠዋት እጅሽ ይገባል»። ማክሰኞ «ልጁ ወጥቷል»። ረቡዕ «መገናኛ ደርሷል፣ መንገድ ተዘግቶበት ነው»። ሐሙስም እዚያው መገናኛ ነው፤ ምስኪን፣ ምን በልቶ እንዳደረ እንጃ። ሲደወልለት አያነሳም። «እየነዳ ነው ውዴ» የሚል የድምፅ መልእክት ይመጣል፤ ከኋላ ቡና ሲወቀጥ ይሰማል። ብሩ ግን በሰከንድ ነው የደረሰው። በዚያ በኩል መንገድ ተዘግቶ አያውቅም።

ዋጋችሁም ጨዋ ነው፤ አደባባይ አይወጣም። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ ያሳይ ይላል። እናንተ ግን እንደ ንስሐ በጆሮ ነው የምትነግሩን፦ «ዋጋ በውስጥ መስመር»።

ይኸው አዋጅ ሸማች በትሕትናና በአክብሮት ይስተናገድ፣ አይሰደብ፣ አይዛትበት ይላል። ለትሕትናውስ አታስቡ፣ ገዢው ራሱ ይዞት ይመጣል። ሙሉውን ከፍሎ «ይቅርታ፣ እንዳላስቸግርሽ ብዬ ነው፣ ዕቃዬ የት ደረሰ?» የሚል ደንበኛ የት ይገኛል?

አንዳንድ ችኩሎች ግን አሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ይጠቅሳሉ፤ ቁጥር 1772ና ተከታዮቹን። ውሉን ላልፈጸመ ማስጠንቀቂያ ስጠው፣ በቂ ቀን ቁረጥለት፣ ቀኑ ካለፈ ውሉን አፍርሰህ ብርህን ጠይቅ ይላሉ። «እስከ ዓርብ ካልመጣ ብሬን መልሺ» ብሎ መጻፍ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ግን «ውዴ» ያለችንን ሰው በምን አንጀታችን? ደፍሮ የጻፈም ብሎክ ይደረጋል፤ ይበለው፣ ማን ቀን ቁጠር አለው?

ዞሮ ዞሮ ዕቃው ይመጣል። የታዘዘው 38 ቁጥር፣ የመጣው 41።

«ካልሲ ደርቢበት ውዴ። ለእንቁጣጣሽ የሚሆን አሪፍ ቀሚስ ገብቷል፣ ፎቶ ልላክልሽ?»

«እስኪ ላኪልኝ።»