ከጎረቤት ግዙ፣ ግን አፍልታችሁ ጠጡ

ወተት ከጎረቤት ላም አርቢ መግዛትን የሚመክር አንድ ጽሑፍ አነበብኩ፤ «ወተት ሲፈላ ጥቅሙ ይጠፋል፣ ጥሬውን ጠጡ» ማለቱ ግን አሳሰበኝ። እኔም የምገዛው ከላም አርቢ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ላሞች ያሏቸው እናት አሉ። ጠዋት ጆግ ይዤ እሄዳለሁ፣ ሲታለብ እያየሁ እቀዳለሁ። ውሃ አልገባበትም። ሲፈላ ወፍራም ስልባቦት ይይዛል፣ እርጎውም ቀጥ ብሎ ይረጋል። በጾም ወራት ደግሞ ስለሚተርፋቸው እንደልብ ይገኛል። ለእኔ ከሱቁ ይልቅ ይሄ ያዋጣል።

ጥሬውን መጠጣት ግን ሌላ ነገር ነው። ላሚቱ ጤነኛ መስላ የከብት ሳንባ ነቀርሳ ወይም ብሩሴሎሲስ (ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ የባክቴሪያ በሽታ) ሊኖርባት ይችላል። ወተቱን በማየትም በማሽተትም አይለይም። ወንድሜ ብሩሴሎሲስ ይዞት ስንት ወር ተሰቃየ! ትኩሳቱ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሌሊት ላብ ያጠምቀዋል፣ መገጣጠሚያው ሁሉ ይቆረጥመዋል። መጀመሪያ ታይፎይድ ነው ተብሎ ነበር የታከመው። ጥሬ ወተት ይወድ ነበር።

ማፍላት የሚቀንሰው አንዳንድ ቫይታሚኖችን ነው። ካልሲየሙና ፕሮቲኑ አይጠፋም። «እኔ የምጠጣው እርጎ ነው» የምትሉም አላችሁ። ከጥሬ ወተት የረጋ እርጎ ኮምጣጣነቱ ጀርሙን ሁሉ አይገድልም። ዕቃውን በወይራ ማጠን ደስ የሚል መዓዛ ይሰጣል፣ የማፍላትን ቦታ ግን አይተካም። እኛ ቤት አሁን መጀመሪያ እናፈላዋለን፣ ለብ ሲል ትንሽ እርጎ ጨምረን እናረጋዋለን። ያው ይጣፍጣል። ነፍሰ ጡርና ሕፃን ያላችሁ በተለይ አደራ፣ ሳታፈሉ አትስጡ።