«ሕዝቡ አይገባውም» ከሆነ፣ ሲፈርምላችሁ እንዴት ገባው?

በምሥራቁ የአገራችን ክፍል የሚገኝ አንድ የዩኒቨርሲቲ የጤና ኢንስቲትዩት በቅርቡ የመጪውን ዓመት ዕቅድ እዚህ ድሬዳዋ ላይ ባስተዋወቀበት ስብሰባ፣ የምርምር ውጤቶችን በየቀበሌው እየዞሩ ለነዋሪው የማስረዳት ሥራ ከዕቅዱ ወጥቶ በምትኩ «የማኅበረሰብ ጤንነት ሳምንት» መግባቱ ተነግሮናል። የእግር ጉዞ፣ የጅምላ ስፖርት፣ የደም ግፊትና የስኳር ልኬት፣ መፈክር የታተመበት ካናቴራም አለበት። ምክንያቱ ሲጠየቅ ከመድረኩ የተሰጠው መልስ አጭር ነበር፦ የምርምር ግኝት ለሕትመትና ለፖሊሲ አውጪ የሚዘጋጅ ነው፤ ሕዝቡ ዝርዝሩ አይገባውም፤ ቢነገረውም ድንጋጤን እንጂ ሌላ አያተርፍም። በአዳራሹ ውስጥ ጥቂት ሰዎች ፈገግ ከማለት በቀር የተቃወመ አልነበረም። እኔም ዝም ብዬ ወጣሁ፤ ንዴት አፌን ይዞት ነበር። አሁን ለቆኛል።

«አይገባውም» የሚለው ቃል የተነገረው፣ ታይዋን ገበያ ውስጥ የአሥር ዓመት ልጅ በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ ተከራክሮ በሶማሊኛ ዋጋ በሚቆርጥባት ከተማ መሆኑን እንለፈው። እኔን ያስገረመኝ የዚህ አነጋገር ባለቤቶች ራሳቸው የቆሙበትን መሬት እየቆፈሩ መሆናቸውን አለማስተዋላቸው ነው።

እያንዳንዱ የጤና ጥናት የሚጀምረው በአንድ ወረቀት ነው። መረጃ ሰብሳቢው በር አንኳኩቶ ይገባል፤ ጫማውን አውልቆ መደቡ ጫፍ ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያም የስምምነት ቅጹን ያነባል። ጥናቱን ማን እንደሚያካሂደው፣ ዓላማው ምን እንደሆነ፣ ደም ወይም ሌላ ናሙና የሚወሰድ ከሆነ ምን ያህል እንደሚወሰድና ምን ጉዳት ሊያስከትል እንደሚችል፣ መልሱ በምሥጢር እንደሚያዝ፣ ተጠያቂው በፈለገው ሰዓት ጥናቱን አቋርጦ መውጣት እንደሚችል አንድ በአንድ ይነግረዋል። በመጨረሻም «ገብቶዎታል?» ብሎ ይጠይቃል። ሰውዬው «ገብቶኛል» ይላል፤ መጻፍ የሚችል ይፈርማል፣ የማይችል በአውራ ጣቱ ያትማል። የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴው ጥናቱን የሚፈቅደው ይህ እንደሚደረግ ቃል ስለተገባለት ነው። መጽሔቱም ጽሑፉን የሚቀበለው ተሳታፊዎቹ ተረድተው መስማማታቸው በአንድ ዓረፍተ ነገር ስለተረጋገጠለት ነው። እንግዲህ ያው ሰው ናሙናውን ለመስጠት ሲሆን ስለ አደጋና ስለ ጥቅም፣ ስለ ምሥጢር ጥበቃና ስለ መብት የሚነበብለት ገጽ ሙሉ ጽሑፍ ይገባዋል፤ ናሙናው ምን እንዳሳየ ለመስማት ሲሆን ግን አእምሮው ይዘጋበታል ማለት ነው። ከሁለቱ አንዱ ሐሰት ነው። ሕዝቡ የማይገባው ከሆነ የተሰበሰቡት ፊርማዎች ሁሉ ባዶ ናቸው፤ በእነርሱ ላይ ተመሥርተው የታተሙት ጽሑፎችም ከየመጽሔቱ ይሰብሰቡ፤ በእነርሱ የተገኘው ማዕረግም ይመለስ። የሚገባው ከሆነ ደግሞ ውጤቱን የሚከለክለው ሰው የሚከለክልበትን እውነተኛ ምክንያት ይንገረን። የሚከለከለው ነገር እኮ የእኛው ደም፣ የእኛው ሽንት፣ የእኛው ሞት ነው። በዚያው ቅጽ ላይ «እርስዎ በቀጥታ የሚያገኙት ጥቅም ባይኖርም ውጤቱ ማኅበረሰቡን ይጠቅማል» የሚል መስመር አለ። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ፈርሜበታለሁ፤ እስከ ዛሬ ግን ከሁለቱም የተመለሰልኝ አንዲት ቃል የለችም።

ውጤትን መመለስ የማይቻል ነው እንዳይባል፣ የሚቻል መሆኑ እዚሁ ከአጠገባችን ታይቷል። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በምሥራቅ ሐረርጌ ቀርሳ ወረዳ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተመረጡ ቀበሌዎች ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ቤት ለቤት ሲመዘግብ ኖሯል፤ ሰው ሲሞትም ቤተሰቡን ስለ ሕመሙ አጀማመርና አካሄድ እየጠየቀ የሞቱን መንስኤ ለማወቅ ይጥራል። በቀርሳና በሐረር የሚካሄደው የሕፃናት ሞት ክትትል ደግሞ ከዚህም ይከብዳል። ሕፃኑ በሞተ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ቀብር በማይዘገይበት አገር፣ ወላጆች ገና እያለቀሱ ሳለ ከአስከሬኑ በመርፌ ጥቂት ናሙና እንዲወሰድ ይጠየቃሉ። ለሰው ከሚቀርቡ ጥያቄዎች ከዚህ የሚከብድ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ሆኖም የሚፈቅዱ ወላጆች አሉ። የምርመራው ውጤትም ተመልሶ ለቤተሰቡ ይነገራል፤ ይህ የአሠራሩ አካል ነው እንጂ የአንድ ደግ ባለሙያ ችሮታ አይደለም። ልጇ በምን እንደሞተ ተነግሯት የገባት እናት፣ በርሜሏ ውስጥ ምን እንደሚራባ ቢነገራት የማይገባት በምን ተአምር ነው?

በርሜሉን ያነሣሁት በምክንያት ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ውኃ በፈረቃ ይመጣል፤ ስለዚህ በርሜል፣ ሮቶ ወይም የጀሪካን ሰልፍ የሌለበት ግቢ አይገኝም። በ2006 ዓ.ም. መባቻ ከ11,000 በላይ ሰው ትንኝ በምታስተላልፈው የደንጊ ትኩሳት ታመመ። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ቺኩንጉንያ የሚባለው ሌላ የትንኝ በሽታ መጥቶ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን መገጣጠሚያ ቆላልፎ አስቀመጠ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ዝናብ ባልነበረበት ወቅት ወባ ተነሣ፦ በ2019 እ.ኤ.አ. ከጥር እስከ ግንቦት 205 የነበረው የታማሚ ቁጥር፣ በ2022 እ.ኤ.አ. በተመሳሳይ ወራት 2,425 ደረሰ። በአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች የተመራው ጥናት፣ ከሰፈሮችም ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መኝታ ቤቶችም ታማሚዎችን ተከታትሎ ጥፋተኛዋን አገኘ፤ አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የምትባል የወባ ትንኝ ናት። ዝናብ ያቆረውን ኩሬ እንደምትጠብቀው እንደ ነባሯ የወባ ትንኝ አይደለችም፤ ሰው ባጠራቀመው ውኃ፣ በበርሜልና በግንባታ ጉድጓድ ውስጥ በበጋም ትራባለች። ይህ ግኝት በዓለም ታላላቅ መድረኮች ተነበበ፤ ይገባዋልም።

በእኔ ሰፈር የተሰማው ግን ያው የድሮው ማሳሰቢያ ነበር፦ «አካባቢያችሁን አጽዱ፣ የረጋ ውኃ አፍስሱ!» ሴቶቹ ወደ ደጅ ወጥተው ኩሬ ፈለጉ፤ በበጋ ምን ኩሬ አለ? ቀናት ጠብቃ በርሜሏን የሞላችን ሴት «ውኃሽን ድፊ» ማለት ምክር ሳይሆን ስድብ ነው። ሊነገራት ይገባ የነበረው ሌላ ነው፦ ክዳኑ ትንኝ በማያሳልፍ ጨርቅ ይጠፈር፤ ትንኟ ከእንቁላል ተነሥታ እስክትበር ድረስ ከሳምንት እምብዛም የማይበልጥ ጊዜ ስለሚበቃት፣ በርሜሉ ባዶ በሚሆንበት ቀን ሁሉ የውስጥ ግድግዳው ይፈተግ፤ የደንጊዋ ትንኝ እንቁላሏን የምታጣብቀው በግድግዳው ላይ ነውና፣ ደርቆም ወራት ይቆያልና ውኃ መቀየር ብቻውን አይበቃም። ይህን ለመረዳት የሕክምና ዲግሪ ያስፈልጋል? ለእነዚያ ሴቶች በጊዜው በግልጽ ቢነገራቸው ኖሮ ከተማዋ ያን ያህል ሰው አልጋ ላይ ባላየች ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ከዚህ እምነቴም የሚያነቃንቀኝ የለም።

ስለ ድንጋጤም ጥቂት ልበል። ድሬዎች በውኃቸው ከተሸበሩ ቆይተዋል። በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ድንጋይ እያዩ የኩላሊት ሕመምን ሁሉ በእርሱ ያላክካሉ። በዓይን የማይታየው፣ ከሽንት ቤት ጉድጓዶች ወደ ከርሰ ምድር ውኃው የሚሰርገው ናይትሬት በከተማዋ በተለያዩ ጥናቶች ተመዝግቧል፤ የሚያሰጋውም በተለይ ዱቄት ወተት በውኃ እየተበጠበጠላቸው የሚያድጉ ጨቅላዎችን ነው፤ ማፍላትም አያጠፋውም፣ ይልቁንም ያከማቸዋል። ይህን የምታውቅ ጎረቤት ፈልጌ አላገኘሁም። ሰው የሚታየውን እየፈራ የማይታየውን ለልጁ ሲያጠጣ፣ ያልተናገረው ባለሙያ «አላስደነገጥኩም» ብሎ ይተኛል!

የእግር ጉዞ መልካም ነው፤ በከዚራ ዛፎች ሥር ማለዳ መራመድን የሚጠላ ጤነኛ አይደለም። የደም ግፊት ልኬቱን ግን ከቤቴ አውቀዋለሁ። አክስቴ ከዓመታት በፊት በእንዲህ ያለ ዝግጅት ድንኳን ውስጥ ተለክተው 160 በ100 ተባሉ፤ «ከፍ ብሏል፣ ጤና ጣቢያ ይሂዱ» የሚል ቁራጭ ወረቀትም ተሰጣቸው። ማምሻውን ድንኳኑ ተነቀለ። ግፊት በአንድ ቀን ልኬት አይወሰንም፤ በሌላ ቀን ተደግሞ ይለካል፤ ከተረጋገጠ መድኃኒቱ በአብዛኛው የዕድሜ ልክ ነው፤ ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ ነው። ማንም ተመልሶ አልጠየቃቸውም። ወረቀቷ እስከ ዛሬ መስታወቱ ጠርዝ ላይ ተሰክታ ትታያለች፤ በዚያን ዕለት የተነሣው ፎቶግራፍ ግን የሆነ ሪፖርት ሽፋን ሳይሆን አልቀረም። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ማስተማርን፣ ምርምርንና የማኅበረሰብ አገልግሎትን በዩኒቨርሲቲዎች ትከሻ ላይ ሲጭን፣ ሦስተኛውን በካናቴራ ቁጥር ለኩት አላለም።

የበጀት እጥረት አለ ይባላል፤ እሺ፣ አለ። ውጤት ለመንገር ግን አዳራሽ መከራየት አያስፈልግም። በድሬዳዋም በሐረርም አፎቻ አለ፤ በሐዘንም በደስታም የሚሰበሰብ፣ የአባሉን ስም ከነቤተሰቡ የሚያውቅ፣ የሴቶቹ ለብቻ የወንዶቹ ለብቻ የሆነ ጉባኤ ነው። የሚያስፈልገው የሰውን ቋንቋ የሚችል አንድ ተመራማሪ፣ ግማሽ ሰዓትና አንድ በርሜል ብቻ ነው።

ከስብሰባው በኋላ ወደ ሰፈራችን የሴቶች አፎቻ መሪ ዘንድ ሄጄ፣ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ቢመጡ ጊዜ ትሰጧቸዋላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ጫታቸውን እየለቀሙ ቀና ሳይሉ፣ «የሚመጡት ሊጠይቁን ነው ሊነግሩን?» አሉኝ። ሊነግሯችሁ ነው አልኩ። «እንግዲያው ቡናው በእኛ ነው፤ ቅጻቸውን ግን እዚያው ይተዉት።»