«ፎርሙላው ነው» አለኝ

ስልኩ መሰረቅ አለበት! የልጄ እንግሊዝኛ አስተማሪ ትክክለኛው መልስ ነው ብሎ በቀይ እስክሪብቶ የጻፈው ይህንን ነው። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው፣ ፊደል ብገድፍ እለፉኝ።

ይህ ሰውዬ ዛሬ አልጀመረም፣ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ዛሬ ግን የፈተና ወረቀት የምናይበት ቀን ስለነበር አስፈቅጄ ከሥራ ወጥቼ ሄድኩ።

ጥያቄው «ሳምባዲ ማስት ሃቭ ስቶለን ዘ ፎን» ይላል። ወደ ፓሲቭ ቀይሩ ነው፣ አድራጊው ቀርቶ የተደረገበት ነገር ወደፊት ይምጣ ማለት ነው። ልጄ «ዘ ፎን ማስት ሃቭ ቢን ስቶለን» ብሎ ጻፈ። ስልኩ ሳይሰረቅ አልቀረም ማለት ነው። ንጹሕ መልስ! ኤክስ ተደርጎበታል። «ሃቭ ቢን» ላይ ተሰርዞ፣ ከላዩ «ቢ» ተጽፎበታል። «ዘ ፎን ማስት ቢ ስቶለን።» በቃ፣ ያለፈው ነገር ጠፋ፣ ግምቱም ጠፋ፣ የቀረው ስልኩ ይሰረቅ የሚል ትእዛዝ ነው። ልራራለት ካልኩም «ይህ ስልክ የሌባ ዕቃ ነው መሰለኝ» ይሆናል። በየትኛውም መንገድ ቢታይ ጥያቄው ውስጥ ያለው ሐሳብ አይደለም።

ሰልፍ ይዤ ተራዬ ደረሰ። በትሕትና ነው የጀመርኩት፣ እግዜር ያውቃል።

«ቲቸር፣ ይቅርታ፣ ይቺ ጥያቄ ላይ የልጁ መልስ ትክክል መሰለኝ።»

ወረቀቱን ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። «እናት፣ ሞዳል ካለ ቢ ነው። ቢ ሲደመር ቨርብ ስሪ። ፎርሙላው ነው።» ሞዳል የሚላቸው እነ «ማስት»፣ «ሜይ»፣ «ሹድ»፣ «ካን» ናቸው፣ ቨርብ ስሪ ደግሞ እንደ «ስቶለን» ያለው የግሡ ሦስተኛ መልክ ነው።

«ገብቶኛል። ግን ዓረፍተ ነገሩ ያለፈ ነገር ነው የሚያወራው። ማስት ሃቭ ስቶለን ነው የሚለው።»

«ሃቭ ቢን ፕረዘንት ፐርፌክት ነው። እሱ ሌላ ቻፕተር ነው።»

«ሞዳል ሲኖር ግን...»

«እርስዎ የተማሩት ምንድን ነው?»

«አካውንቲንግ።»

«እንግዲያው እኔ ዴቢትና ክሬዲት ላይ አልገባብዎትም።»

ከኋላዬ የተሰለፉት ወላጆች ሳቁ። ሳቁ! አንዱ አባት ጭራሽ «እነሱ ያውቃሉ እኮ፣ ይተዉት» አለኝ። የሱም ልጅ እኮ እዚያው ክፍል ናት፣ ያው ኤክስ ተደርጎባት ይሆናል፣ ወረቀቷን ገልጦ አላየም። አስተማሪው በእጁ ወደ ጎን አሳየኝና «ኔክስት» አለ። ልጄ አጠገቤ ቆሞ መሬት መሬቱን ያያል። አሥረኛ ክፍል ነው፣ እናቱ በጓደኞቹ ፊት ስትባረር የሚያፍርበት ዕድሜ ላይ ነው።

ዴቢትና ክሬዲት አለኝ። ልንገርህ ወንድሜ፣ እኔ አስመጪና ላኪ ቤት ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ ከኤልሲ ጋር ነው የምውለው፣ ሰነዱ ተሟልቶ ሲቀርብ ለሻጩ እከፍላለሁ ብሎ ባንክ ከሚሰጠው ዋስትና ጋር ማለት ነው። ዕቃው ከተጫነ በ21 ቀን ውስጥ ሰነዶቹ ለባንክ መቅረብ አለባቸው፣ ኤልሲው ራሱ ሌላ ካላለ በቀር። «ማስት ቢ ፕረዘንትድ»! ያንን «ማስት» ልክ እንደ «ሜይ» አንብቤ ብቀመጥ ባንኩ አልከፍልም ይላል፣ እኔም ከሥራ እባረራለሁ። ሞዳልና ፓሲቭ እንጀራዬ ነው። በፎርሙላ ያወቅኩት አይደለም፣ ገንዘብ ሲጠፋ እያየሁ ነው የተማርኩት።

ደግሞ ነገሩ የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ልጆቹ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ከአገር ቋንቋ በቀር ሁሉንም ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው የሚማሩት። የፊዚክስ መጽሐፉን ግለጡት። ኢነርጂ «ካን ናይዘር ቢ ክሪኤትድ ኖር ዲስትሮይድ» ይላል። ሊፈጠርም ሊጠፋም አይችልም። ይኸው ሞዳል፣ ይኸው ፓሲቭ! ኬሚስትሪ ላብ ስትገቡ አሲዱ ነው ውኃው ላይ መጨመር ያለበት፣ ውኃው አሲዱ ላይ አይደለም። «አሲድ ሹድ ቢ አድድ ቱ ዋተር።» ይህንን ገልብጦ የተረዳ ልጅ አሲዱ ፈልቶ ፊቱ ላይ ይረጭበታል። አዋጅ እንኳ በነጋሪት ጋዜጣ ሲወጣ የእንግሊዝኛው የመጀመሪያ አንቀጽ «ዚስ ፕሮክላሜሽን ሜይ ቢ ሳይትድ አዝ» ብሎ ነው የሚጀምረው፣ ይህ አዋጅ እንዲህ ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል ማለት ነው። ሕጉ፣ ውሉ፣ የመድኃኒቱ ወረቀት፣ ሁሉም በዚህ አነጋገር ነው የሚያዝዘው። ማን እንዳዘዘ አይነግርህም፣ አድርግ ወይም ብታደርግ ይሻላል ወይም ብትፈልግ አድርግ ይልሃል። ልዩነቱ ያለው ያቺ ትንሽዬ ሞዳል ላይ ነው። የኛ ልጆች ግን «ማስት»ንም «ሜይ»ንም «ሹድ»ንም ያው «ቢ ሲደመር ቨርብ ስሪ» ብለው ያልፏቸዋል። ክፍት ቦታ መሙያ ሆነው ቀሩ።

የባለፈው ወር ጉድ ደግሞ ትዝ አለኝ አሁን። ደብተሩን ሳይ «ዘ አክሲደንት ሜይ ቢ ሃፐንድ» ይላል። ማነው ይህን ያስጻፈህ ብለው ከሰሌዳ ነው የገለበጥኩት አለኝ። ልጆቹ ቢሳሳቱ እኮ አልፈርድም። በአማርኛ «አደጋው ተከሰተ» እንላለን፣ «ተ» አለበት፣ «ተሰበረ» ላይም «ተ» አለ። ስለዚህ ሁለቱንም ፓሲቭ አድርገው ቢያስቡ ያባት ነው። ግን አደጋን ማንም «አይሃፕነውም»፣ ራሱ ነው የሚሆነው። «ዳይ»ም እንደዚያው፣ «አራይቭ»ም እንደዚያው። ይህንን ቁጭ ብሎ በአማርኛ አምስት ደቂቃ ቢያስረዳቸው ዕድሜ ልካቸውን አይረሱትም። ግን በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አማርኛ የተናገረ ይቀጣል! በአማርኛ እንዳይጠይቁ ተከልክለዋል፣ በእንግሊዝኛ መጠየቅ ደግሞ ገና አልቻሉም። ታዲያ ልጁ በምን አፉ ይጠይቅ?

«ባይ ሚ» የሚሏትን ነገርማ አታንሱብኝ። «ዘ ሌተር ካን ቢ ሪትን ባይ ሚ።» «ዘ ፉድ ሹድ ቢ ኢትን ባይ ዩ።» «ባይ» ካልተጻፈች ነጥብ ይቀነሳል። ማን እንዲህ ሲያወራ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አድራጊውን መጥራት ሳያስፈልግ ሲቀር፣ ወይ ሳይታወቅ ሲቀር ነው እኮ ፓሲቭ ሥራ የሚሠራው። ስልኬ ተሰረቀ የምለው ሌባውን ስላላወቅኩት ነው። ባውቀው ስሙን ጠርቼ እከሰው ነበር!

የ2014ን የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስደው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል አገር ተንጫጫ። ኩረጃ ቀረ፣ ልጆቹ ሰነፉ፣ ቲክቶክ ነው፣ ያልተባለ የለም። ጥያቄውን ማንበብ ያቃተው ልጅ ስንት እንደሆነ የጠየቀ ግን አልሰማሁም። ፊዚክሱን በአማርኛ ብትጠይቁት የሚያንበለብል ልጅ አውቃለሁ፣ ጎረቤቴ ነው። ወረቀቱ ላይ «ኩድ ሃቭ ቢን አቮይድድ» ሲል ግን ቆሞ ቀረ። ሊቀር ይችል ነበር፣ ግን አልቀረም ማለት ነው። ሁለት ነገር በአንድ ላይ የያዘ አነጋገር ነው። ማንም አልነገረውም፣ «ሌላ ቻፕተር» ተብሎ ታልፏል።

ታናሽ እህቴ በፕላዝማ የተማረች ናት። ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት ይመጣ የነበረው የቴሌቪዥን ትምህርት ማለቴ ነው። ቴሌቪዥኑ ይጠይቃል፣ ትንሽ ዝም ይላል፣ ራሱ መልሶ ይሄዳል። ያኔ ቤት እየመጣች ስታለቅስ «አይዞሽ፣ ማሽን ስለሆነ ነው የማይሰማሽ» እላት ነበር። ለልጄ ምን ልበለው? ይሄኛው እኮ ሰው ነው። ጆሮ አለው።

አዎ፣ የአስተማሪ ደመወዝ አይበቃም። ክፍሉም ጢም ብሎ ሞልቷል። አውቃለሁ፣ አትጻፉልኝ። ግን የደመወዝ ማነስ ወረቀት ቀና ብሎ ማየት ይከለክላል እንዴ? «ልየውና እነግርዎታለሁ» ማለት ስንት ብር ያስወጣል? ትምህርት ቤቱ ክፍያ ሲጨምር እኮ በየዓመቱ ምክንያቱ «የትምህርት ጥራት» ነው። የፎቶኮፒ ብሎ ለብቻ፣ የቱቶሪያል ብሎ ለብቻ ከፍለናል። ቱቶሪያሉን የሚያስተምረው ራሱ እሱ ነው!

ማታ በወላጆች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጥያቄውን ፎቶ አንስቼ ለጠፍኩት። ሁለት እናቶች «የኔም ልጅ» ብለው ጻፉ። ወዲያው ተሰረዘ። «ግሩፑ ለማስታወቂያ ብቻ ነው» አሉን።

የሆነው ሆኖ፣ ከሁሉ ያቃጠለኝ መንገድ ላይ ልጄ ያለኝ ነው። «እማዬ ተይው፣ ለሚቀጥለው እሱ የሚፈልገውን እጽፋለሁ።» ትክክሉን እያወቀ! ስህተቱን አጥንቶ ሊጽፍ ነው። ነጥቡ እንዳይቀነስበት ያወቀውን ሊረሳ እየተለማመደ ነው፣ እኔ ደግሞ ለዚህ እከፍላለሁ።

ሰኞ ጠዋት ምክትል ርዕሰ መምህሩ ቢሮ እገባለሁ። ነጥቧም እንድትመለስለት እፈልጋለሁ፣ «ተዪው አንድ ማርክ ናት» እንዳትሉኝ። ለክፍሉ በሙሉ ሰሌዳ ላይ ይታረም። ልጆቻችሁ እዚያ ክፍል ያሉ ደግሞ ዛሬውኑ ወረቀቱን አውጡና ያቺን ጥያቄ እዩ። ኤክስ ካለባት ፎቶ አንሱና በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ቢሮው ስገባ አንድ ወረቀት ብቻ ይዤ መግባት አልፈልግም።