«ለመላው ቤተሰብ» የሚል ማስታወቂያ

ሐዋሳ ውስጥ ልጆች የምናሳድግ ወላጆች የሲዳማ ዘመን መለወጫ የሆነው የፍቼ ጨምበላላ በዓል በደረሰ ቁጥር የሚገጥመንን ችግር ዛሬ ሳላሳጥር ልጽፈው ተነሥቻለሁ። ችግራችን የዝግጅት ማነስ አይደለም። ባዛሩ፣ ኮንሰርቱ፣ የባህል ትርኢቱ፣ በሐይቁ ዳር የሚተከለው የልጆች መጫወቻ ሁሉም አለ። ከእነዚህ መካከል የአራት ዓመት ልጅ ተይዞ የሚኬድበት የትኛው እንደሆነ፣ በትክክል በስንት ሰዓት እንደሚጀመርና እዚያ ስንደርስ ምን እንደሚጠብቀን አስቀድሞ የሚነግረን ሰው ግን የለም።

ጉዳዩ በሌላ በዓል ላይ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልተንገበገብኩ ነበር። ጨምበላላ ግን ከሥሩ የልጆች ቀን ነው። በአፍ ሲወርድ ሲዋረድ በመጣው ታሪክ መሠረት ፍቼ መታሰቢያነቱ ከተዳረች በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ ወላጆቿንና ዘመዶቿን ለመጠየቅ ትመጣ ለነበረች ሲዳማ ሴት ነው፤ ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የተሠራ ቡርሳሜ ይዛ ትመጣና ከጎረቤት ጋር ይቋደሱት ነበር። ዛሬም በዋዜማው ምሽት ትልቅና ትንሹ ከእርጥብ እንጨት በተሠራው ሁሉቃ ሥር አልፎ አዲሱን ዓመት ይቀበላል። በማግስቱ ልጆች «አይዴ ጨምበላላ» እያሉ ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ፤ በየደረሱበትም ቡርሳሜ ይቀርብላቸዋል። በ2008 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓሉን በማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሲያሰፍር ዕድሜ፣ ጾታና የኑሮ ደረጃ ሳይለይ ሁሉም እንደሚሳተፍበት፣ ወላጆችም ባህሉን ለልጆቻቸው የሚያስተላልፉት በቃልና አብሮ በማክበር እንደሆነ ተመዝግቧል። እኔ የተወለድኩት ሲዳማ ካልሆነ ቤተሰብ ነው፤ ነገር ግን ከልጅነቴ ጀምሮ በጎረቤቶቻችን ሻፌታ፣ ቡርሳሜው በሚቀርብበት ትልቅ ገበታ፣ ዙሪያ ተቀምጬ ቡርሳሜ በልቼ ስላደግሁ በዓሉ የእኔም ነው፣ ልጆቼም እንዲያውቁት እፈልጋለሁ።

ባለፈው ዓመት የሆነውን ልናገር። ፊኛ የያዘ ሕፃን ሥዕል ያለበት፣ «ለመላው ቤተሰብ» የሚል ትልቅ ማስታወቂያ በየመንገዱ ተለጥፎ ነበር። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይጀመራል ይላል። ስምንት ዓመት የሞላትን ሴት ልጄን፣ አራት ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረውን ታናሿንና ጉልበታቸውን የሚያማቸውን አማቴን ይዤ ከሰፈራችን ከአቶቴ በባጃጅ ተነሣን፤ በተባለውም ሰዓት ደረስን። ሠራተኞች ገና የድንኳን ምሰሶ ይተክሉ ነበር። በ5 ሰዓት የድምፅ ማጉያው ይሞከር ነበር። ለልጆች የተባለው ነገር የተጀመረው ከ7 ሰዓት በኋላ ነው፤ እስከዚያ ድረስ የምንጠለልበት ጥላ ስላልነበረ አማቴ ነጠላቸውን በልጁ ራስ ላይ ዘርግተው እሳቸው ፀሐይ ሲመታቸው ዋሉ።

ለመግቢያ ከከፈልን በኋላ እያንዳንዱ መጫወቻ ለየብቻ እንደሚከፈልበት ያወቅነው ልጆቹ ተሰልፈው ተራቸው ሲደርስ ነው። ሁለት ልጅ ይዞ የመጣ ሰው ለአንዱ ከፍሎ ሌላውን እንዴት ያስቀራል? በሩ ላይ በአንድ ወረቀት ቢጻፍ እያንዳንዳችን እንደ አቅማችን ወስነን እንገባ ነበር፤ ባይሆንልንም ልጆቻችን ፊት ሳንሸማቀቅ እንመለስ ነበር። መጸዳጃ ቤቱ ለዚያ ሁሉ ሕዝብ አንድ ሲሆን ውሃ አልነበረውም። «ሽንቴ መጣ» የሚል የአራት ዓመት ልጅ ሰልፍ እንዲጠብቅ ማስረዳት አይቻልም።

ከሁሉ በላይ ያሳዘነኝ ግን የቦታው አደላደል ነው። የልጆቹ መጫወቻ የተተከለው ከትልልቆቹ የድምፅ ማጉያዎች ፊት ለፊት በመሆኑ ልጄ ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ ከጉያዬ አልወጣ አለ። ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ደግሞ የቢራ ድንኳን ነበር፤ በ9 ሰዓት ገደማ ከዚያ የሚወጡ ወጣቶች እየተገፋፉ በሕፃናቱ መካከል ያልፉ ጀመር። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥ ክልክል ነው። ታዲያ የአልኮል መሸጫ ከሸርተቴ አጠገብ የተተከለበትን ዝግጅት ለመላው ቤተሰብ ነው ብሎ መጥራት እንዴት ተቻለ? አዋቂ አይዝናና የሚል ሐሳብ የለኝም። ሜዳው ሰፊ ነው፤ የአዋቂው ከወዲያ፣ የልጆቹ ከወዲህ መሆን ይችል ነበር።

በዚያ ግፊያ መሐል ሴት ልጄ ጠፋችብኝ። አሥር ደቂቃ ያህል ቢሆን ነው፤ ለእኔ ግን ያ አሥር ደቂቃ ዛሬም አላለቀም። በር ላይ ለቆመው ጥበቃ ስነግረው «እህቴ፣ እዚሁ አካባቢ ነው የምትሆነው፣ ፈልጊያት» አለኝ። ወደ መድረኩ ሮጬ ስሟን በማይክራፎን እንዲጠሩልኝ ለመንኩ፤ ዘፈኑ ሲያልቅ እንደሚጠሩልኝ ተነገረኝ። ዘፈኑ ሲያልቅ! ልጄን ያገኘኋት በአጥሩ ጥግ ቆሎ ከምትሸጥ አንዲት ሴት ዘንድ ነው። እያለቀሰች ስታያት ጠርታ አጠገቧ አስቀምጣት፣ እፍኝ ቆሎ ሰጥታት፣ «እናትሽ እስክትመጣ ከዚህ አትነሽም» ብላት ነበር። የጠፋ ሕፃን የሚቆይበት ቦታ ማዘጋጀት ማለት ይኸው ነው፤ አንድ ሰው፣ አንድ መቀመጫ፣ ሁሉም የሚያውቀው አንድ ጥግ። ለዚያ ሁሉ ዝግጅት ገንዘብ የወጣበት ቦታ ይህን ያጣው ገንዘብ አንሶ አይመስለኝም።

ይህን ማድረግ እንደሚቻል ደግሞ እዚሁ ከተማችን ውስጥ አይተናል። በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 በሚከበረው የቅዱስ ገብርኤል ንግሥ ከየአገሩ የሚመጣው ምእመን ብዛት ይታወቃል። እኔ በሄድኩባቸው ዓመታት የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው መንገድ ሲያስከፍቱ፣ አረጋውያንንና ሕፃን ያዘሉ እናቶችን ሲያሳልፉ፣ የጠፋ ልጅ ሲገኝም ወዲያው በድምፅ ማጉያ ሲያስነግሩ አይቻለሁ።

ባለፈው ዓመት በዚያው በጨምበላላ ሰሞን በሐይቁ ዳር ባለው በፍቅር ሐይቅ መዝናኛ በኩል ልጆቹን በጀልባ ላንሸራሽራቸው ፈልጌ ነበር። ለሕፃን ልክ የሚሆን የመንሳፈፊያ ጃኬት እንዳለ ስጠይቅ «ታቅፈሽው ትቀመጫለሽ፣ ምን ይሆናል» የሚል መልስ ስላገኘሁ ትቼ ተመለስኩ። ልጆቹ እስከ ቤት ድረስ አኮረፉኝ። ያኮረፉት ግን እኔን መሆን አልነበረበትም።

ቅሬታዬን ያነሣሁላቸው አንዳንድ ሰዎች የፍቼ ቀን ከዓመት ዓመት ስለሚለያይ አስቀድሞ መርሐ ግብር ማውጣት እንደማይቻል ነገሩኝ። ይህን ምክንያት አልቀበለውም። ቀኑን የሚቆርጡት አያንቶዎች የሚባሉት ባህላዊ የዘመን ቆጣሪዎች ናቸው፤ ጨረቃንና ከዋክብትን ተመልክተው ይወስናሉ፣ ውሳኔውም ለየጎሳው ይነገራል፣ ሕዝቡም ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ቀኑ አንዴ ከታወቀ በኋላ የልጆች ትርኢት በስንት ሰዓት እንደሚጀመር፣ ለስንት ዓመት ልጅ እንደሚሆን፣ ዋጋው ስንት እንደሆነ በአንድ ገጽ መጻፍ የሰማይ አካላትን ማንበብ አይጠይቅም። ልጅ ያለው ሰው ቤቱ ይቀመጥ ያሉኝም አሉ። ለእነዚህ የምመልሰው፣ ልጆች ቤት ውስጥ ተዘግተው የሚውሉበት ጨምበላላ ጨምበላላ አይደለም ብዬ ነው።

ዘንድሮ በራሴ መንገድ መረጥኩ። የዋዜማውን ምሽት ከሲዳማ ጎረቤታችን ጋር በሰፈራቸው አሳለፍን፤ ልጆቼ ሁሉቃውን አልፈው ቡርሳሜ በሉ፤ ጎረቤታችንም የልጄን ፀጉር ቅቤ ቀቡላት። በማግስቱ በዓሉ ወደሚከበርበት አደባባይ ወደ ጉዱማሌ በማለዳ ሄደን ሽማግሌዎቹ በቄጣላ፣ በባህላዊው ጭፈራ፣ ሲገቡ ዳር ቆመን አየን፤ ጭፈራው ለልጅ ዓይን እጅግ የሚያምር ነው፤ ፀሐዩ ሳይበረታና ሕዝቡ ሳይበዛም ተመለስን። በሰፈር የሚደረገውንና የማለዳውን ያልሞከራችሁ ወላጆች ካላችሁ ሞክሩት።

ለከሰዓቱ ግን ማስታወቂያው ላይ ባለው ስልክ ደውዬ አራት ነገር ጠየቅሁ፤ የልጆቹ ዝግጅት በትክክል ስንት ሰዓት እንደሚጀመር፣ ጥላና መጸዳጃ መኖሩን፣ መጠጥ የሚሸጠው ምን ያህል ርቆ እንደሆነ፣ ልጅ ቢጠፋ ማንን እንደምጠይቅ። ስልኩን ያነሣው ወጣት በትሕትና አዳመጠኝና «እሱን ሲመጡ ያዩታል» አለኝ። አልሄድንም። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ያነሣችው፣ ያ ፊኛ የያዘው ሕፃን ያለበት ወረቀት እስከ ዛሬ አልጋዋ አጠገብ ተለጥፏል፤ ማታ ማታ «እማዬ፣ ቤተሰብ ነው የሚለው እኮ» ትለኛለች።